ቀስቷ ስትዘል ቁጥሩ ይታመናል?

አሮጌ ፒክአፕ ለመግዛት የመጣ ነጋዴ ኮፈኑን አስከፍቶ ሞተሩን ያዳምጣል፤ ጎንበስ ብሎ ሻንሲውን ይመለከታል፤ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። ከዚያም ጋቢና ገብቶ ዳሽቦርዱ ላይ የተመዘገበውን ኪሎ ሜትር ያነባል። ድርድሩ የሚሞቀው ከዚህ በኋላ ነው። «187 ሺህ ብቻ ነው የሄደችው» ይላል ደላላው። ለሙከራ ሲነዳት ግን የፍጥነት መለኪያዋ ቀስት አንዴ 20 ላይ፣ አንዴ 60 ላይ ስትዘል ያያል። «እሱ ምንም አይደለም፣ ካቦ ነው» የሚለው መልስ ከሻጩም ከደላላውም አፍ እኩል ይወጣል።

መልሱ ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው። ችግሩ ሁልጊዜ ትክክል አለመሆኑ ነው። አንዳንዷ ቀስት እየዘለለችም ቁጥሩ አንድ ሜትር አይዋሽም፤ አንዳንዷ ደግሞ እንደ ሰዓት ተስተካክላ እየሠራች ቁጥሩ ከቆመ ዓመታት አልፈውታል። ሁለቱን ለይቶ ያላወቀ ገዢ ደህናዋን መኪና በጥርጣሬ ትቶ የተጎዳችዋን ሊገዛ ይችላል። ሻጩም ቢሆን በትንሽ ወጪ ሊጠገን በሚችል ብልሽት ምክንያት ከመኪናው ዋጋ ላይ ብዙ ሺህ ብር ይቆረጥበታል።

ነገሩ በቀላሉ የማይታለፍበት ሌላም ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እየተጠገነ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን ቀጥሏል። የ25 እና የ30 ዓመት ዕድሜ ያላት ፒክአፕ በእርሻ፣ በግንባታና በሸቀጥ ማመላለስ ሥራ ላይ ዛሬም ገንዘብ ታስገኛለች። እንዲህ ባለች መኪና ላይ ኪሎ ሜትሩ ከዋጋው መሠረቶች አንዱ ነው። መሠረቱ የሚቆመው ግን በአንዲት ከእርሳስ በቀጠነች ካቦ ላይ መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው።

ለምሳሌ በየከተማውና በየገጠሩ የምትታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 የተመረተችው አምስተኛው ትውልድ ቶዮታ ሃይሉክስ ትወሰድ። ባለ ሁለት ጎማ ነጂዋ ኤል ኤን 85 እና ፎር ዊሏ ኤል ኤን 106 የሚታወቁት በ2 ኤል እና በ3 ኤል ናፍጣ ሞተሮቻቸው ሲሆን፣ የመጀመሪያው 2,446 ሲ.ሲ.፣ ሁለተኛው 2,779 ሲ.ሲ. ነው። የፍጥነት መለኪያቸው በካቦ የሚዞር ነው። በዚያው ዘመን የተሠሩት የሌሎቹ የጃፓን ፒክአፖችም አሠራር ከዚህ ብዙ አይለይም።

ቀስቷን የሚያንቀሳቅሳት ምንድን ነው?

የካቦ መለኪያ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም። ባትሪው ቢነቀል፣ ፊውዙ ቢቃጠል ቀስቷ ትሠራለች። ስለሆነም በዚህ ዘመን መኪና ላይ ቀስቷ ስትዘል ወደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው። ሽቦ ከዚያ የሚደርሰው ለማታ መብራቱና ጎረቤት ለሆኑት የነዳጅና የሙቀት መለኪያዎች ብቻ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከካምቢዮው ጀርባ ነው። በፎር ዊሏ ላይ ደግሞ ከትራንስፈሩ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል በሚያወጣው ዘንግ ላይ ጥርስ አለ፤ ይህ ጥርስ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ያዞራል፤ የፕላስቲኳ ጥርስ ደግሞ የካቦውን አራት ማዕዘን ጫፍ ይዛ ታዞራለች። ካቦው በጎማ በተሸፈነ ቱቦ ውስጥ ሆኖ፣ የሞተሩን ክፍል አቋርጦ፣ በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ ዳሽቦርዱ ውስጥ ይገባል። በጃፓኖች ደንብ ካቦው 637 ጊዜ ሲዞር አንድ ኪሎ ሜትር ይቆጠራል፤ ማለትም መኪናዋ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ካቦው በደቂቃ 637 ጊዜ ይዞራል።

ዳሽቦርዱ ውስጥ ከደረሰ በኋላ ሥራው ለሁለት ይከፈላል። ይህን መክፈያ የተረዳ ሰው ቀሪውን ራሱ ይደርስበታል። አንደኛው መንገድ የቁጥሩ ነው፦ የካቦው ጫፍ ጥርሶችን እያዞረ ቁጥር የተጻፈባቸውን ከበሮዎች ያንከባልላል። እዚህ ጥርስ ከጥርስ ጋር ተያይዟል። ሁለተኛው መንገድ የቀስቷ ነው፦ የካቦው ጫፍ አንድ ማግኔት ያሽከረክራል። ማግኔቱን የከበበች ቀጭን የአሉሚኒየም ኩባያ አለች፤ ማግኔቱ አይነካትም። ማግኔት አሉሚኒየምን አይስብም፤ ሲሽከረከር ግን በብረቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይቀሰቅሳል፤ ያ ጅረት ኩባያዋን አብራ እንድትዞር ይገፋታል። እንደ እጅ ሰዓት ሞላ የቀጠነች ጠመዝማዛ ሽቦ ደግሞ ወደ ኋላ ትጎትታታለች። ሁለቱ ጉልበቶች እኩል በሆኑበት ቦታ ቀስቷ ትቆማለች። ኦቶ ሹልትሰ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብት ያወጣበት ይኸው ዘዴ ከመቶ ዓመት በላይ ብዙም ሳይለወጥ ሠርቷል።

እንግዲህ ቁጥሩ በጥርስ፣ ቀስቷ በማግኔት ነው የሚሄዱት። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ካቦው ብቻ ነው። በመሆኑም ገዢው «ቀስቷ ትዘላለች ወይ?» ብሎ ብቻ ከመጠየቅ ይልቅ «ቀስቷ እንዲህ ስትሆን ቁጥሩ ምን እያደረገ ነው?» ብሎ መመልከት አለበት።

የዝላዩ ዓይነት

በብዛት የሚታየው ከ20 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ቀስቷ እየተወዛወዘች፣ መኪናዋ 70 እና 80 ስትደርስ ረጋ የምትልበት ብልሽት ነው። ብዙ ጊዜም ከዳሽቦርዱ ኋላ የመንቀጫቀጭ ወይም የመንጠቅ ድምፅ ይሰማል። ይህ የደረቀ ወይም የታጠፈ ካቦ ምልክት ነው። ካቦው ቱቦው ውስጥ ይያዛል፤ ከታች በኩል መዞሩ ስለማይቆም እንደ ሞላ ይጠመዘዛል፤ ከዚያ በድንገት ይለቀቃል። በተያዘ ጊዜ ቀስቷ ትወርዳለች፣ በተለቀቀ ጊዜ ትዘላለች። ፍጥነት ሲጨምር መያዙና መለቀቁ ስለሚቀራረብ ቀስቷ ትረጋጋለች።

የዚህ ዓይነቷ መኪና ባለቤት ደስ ሊለው ይገባል። የተጠመዘዘው ዙር ሁሉ ዘግይቶም ቢሆን ዳሽቦርዱ ስለሚደርስ ከኪሎ ሜትሩ የሚጠፋ ነገር የለም። ቀስቷ ብትወላውልም ቁጥሩ እውነት ነው። ገዢ የካቦ ዋጋ ቢያስቀንስ ተገቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ማስቀነስ ግን ሻጩ አለማወቁን መጠቀም ይሆናል። ሻጩ በበኩሉ ካቦው እንዲሁ ከተተወ አንድ ቀን መበጠሱ እንደማይቀር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሞ ቁጥሩ ውሸት መሆን እንደሚጀምር ማወቅ አለበት።

ሁለተኛው ቀስቷ ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ የምትወጣበት፣ አንዳንዴም 140 ላይ ሄዳ የምትለጠፍበት ነው። መኪናዋ ጎማ ለመቀየር ቆማ እንኳ ቀስቷ ዜሮ ላይ ላትመለስ ትችላለች። ይህ የራስጌው፣ ማለትም የመለኪያው የራሱ ብልሽት ነው። በብዛት የሚከሰተው ካቦው ላይ ግሪስ ያለ ልክ ተጨምሮ፣ ግሪሱ በካቦው ዙር ወደ ላይ እየተጠመዘዘ ወጥቶ በማግኔቱና በኩባያዋ መካከል ሲገባ ነው። መነካካት የሌለባቸው ሁለት ነገሮች በግሪስ ይያያዛሉ፤ ኩባያዋም ከማግኔቱ ጋር አብራ ትሮጣለች። የሞላዋ መድከምም ተመሳሳይ ውጤት አለው። እዚህም ቢሆን ቁጥሩ በጥርስ ስለሚሄድ እውነት ነው። ቀስቷ ሞታ ቁጥሩ የሚቆጥርበት ብልሽትም ከዚሁ ወገን ነው።

ሦስተኛው ለንግዱ አደገኛ ከሆኑት አንዱ ነው። ቀስቷ በዝግታ ስትነዳ ትሠራለች፤ ነዳጅ ሲረገጥ ወይም ጉድጓድ ሲመታ ድንገት ወደ ዜሮ ትወድቃለች፤ ቆይታ ትመለሳለች። ይህ መያዝና መለቀቅ አይደለም፤ መንሸራተት ነው። ከታች የፕላስቲኳ ጥርስ ተበልታለች፣ ወይም የካቦው አራት ማዕዘን ጫፍ ክብ ሆኗል፣ ወይም ካቦውን የሚያስረው ብሎን ላልቶ ጫፉ ከቦታው እየወጣ እየገባ ነው። ቀስቷ በወደቀችባቸው ደቂቃዎች ሁሉ ቁጥሩም ቆሟል። የእንዲህ ዓይነቷ መኪና ኪሎ ሜትር «ቢያንስ ይህን ያህል ሄዳለች» ከማለት ያለፈ ዋጋ የለውም። ምን ያህል እንደጎደለ ከዳሽቦርዱ ላይ ማወቅ የሚቻልበት መንገድም የለም።

ሁለቱም ጨርሰው የቆሙ እንደሆነ ካቦው ተበጥሷል ወይም ጥርሷ አልቃለች። ይህኛው በግልጽ ስለሚታይ የሚያታልለው ሰው ጥቂት ነው። ጥያቄው «ከመቼ ጀምሮ?» የሚለው ብቻ ነው። በወር 2,000 ኪሎ ሜትር የምትሠራ የጭነት ፒክአፕ ሁለት ዓመት ተኩል ካቦ ሳይቀየርላት ብትሠራ 60,000 ኪሎ ሜትር ሳይቆጠር አለፈ ማለት ነው። ሻጩ ለገበያ ሲያወጣት አዲስ ካቦ ያስገባላታል፤ ቀስቷም ቁጥሩም እንደ አዲስ ይሠራሉ። ስለሆነም በአሮጌ መኪና ላይ የሚያብረቀርቅ አዲስ ካቦ ማየት ምስጋና ብቻ ሳይሆን ጥያቄም ያስከትላል። አሮጌው መቼ ተበጠሰ?

የመጨረሻው ብልሽት ብልሽት አይመስልም። ቀስቷ ፍጹም ትክክል ናት፤ ቁጥሩ ብቻ አይንቀሳቀስም። ከበሮዎቹን የሚያዞሩት ትንንሽ ጥርሶች ሲሰበሩ፣ ወይም ሆን ተብለው ሲፈቱ እንዲህ ይሆናል። አሽከርካሪው ዓይኑን የሚጥለው ቀስቷ ላይ ስለሆነ ለወራት ላያስተውለው ይችላል፤ በሁለት ኪሎ ሜትር የሙከራ ጉዞ የረካ ገዢም አያስተውለውም። ከታች በኩል ያለችው፣ ወደ ዜሮ የምትመለሰው የጉዞ መቁጠሪያ ብትሠራ እንኳ ማረጋገጫ አትሆንም፤ የዋናው ቁጥር ጥርስ ከእሷ የተለየ ነው። ገዢው ጋቢና እንደገባ የመጨረሻዋን አሃዝ በወረቀት ጽፎ፣ ከጉዞው በኋላ ማስተያየት ይኖርበታል።

በሙከራ ጉዞ ላይ

ለዚህ ሥራ መሣሪያ አያስፈልግም። ሞተሩ ሳይነሣ ቀስቷ ዜሮ ላይ መቀመጧ ይታያል። ከዜሮ በላይ ከተቀመጠች ሰው የከፈታት ወይም ሞላዋ የደከመ ነው። የቁጥሮቹ አሰላለፍም ይታያል፤ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ የተዛነፈ ቁጥር በእጅ የተነካ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ የቆዩ መለኪያዎች አምስት አሃዝ ብቻ ስላላቸው 99,999 ከሞላ በኋላ ከዜሮ እንደሚጀምሩም አይረሳ። 40,000 የሚል የ30 ዓመት መኪና 140,000 ወይም 240,000 ሊሆን ይችላል።

ከዚያም ቀጥ ያለና ትራፊክ የማይበዛበት መንገድ ይመረጣል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደውን ፈጣን መንገድ የመሰለ ሜዳ ተስማሚ ነው። የኪሎ ሜትር ምልክት በተተከለበት መንገድ ላይ አንዱ ነድቶ ሌላው ሰዓት ቢይዝ፣ በ60 ፍጥነት አንድ ኪሎ ሜትር በ60 ሰከንድ፣ በ80 ፍጥነት በ45 ሰከንድ ያልቃል። ዛሬ ደግሞ በየኪሱ ያለው የእጅ ስልክ ፍጥነትንም ርቀትንም ከሳተላይት ይለካል። 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ የስልኩን ርቀት ከመኪናዋ ቁጥር ጋር ማስተያየት በቂ ነው። ይህን ሁለት ጊዜ መድገም ይገባል። ልዩነቱ ሁለቱንም ጊዜ እኩል ከሆነ ነገሩ የጎማ ወይም የጥርስ ቁጥር ነው፤ አንዴ 200 ሜትር፣ አንዴ 900 ሜትር ከሆነ ጥርሱ ወይም ካቦው እየተንሸራተተ ነው።

ቀስቷ ከስልኩ ትንሽ ከፍ ብላ ብታሳይ መደንገጥ አያስፈልግም። በብዙ አገሮች ተቀባይነት ያለው የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 ፒክአፕን ለመሰሉ ቀላል መኪናዎች የሚፈቅደው፣ መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በ10 በመቶ እና በ4 ኪሎ ሜትር እስኪበልጥ ነው፤ ማነስ ግን ፈጽሞ አይፈቀድለትም። ፋብሪካዎች ቀስቷን ወደ ላይ አዘንብለው የሚሠሩት ለዚህ ነው።

ጋራዥ ውስጥ

ጋራዥ የገባች መኪና ምርመራ የሚጀምረው ከታች ነው። ካቦው ከካምቢዮው ላይ በእጅ ወይም በፒንሳ ላላ ተደርጎ ይነቀላል። ቱቦው ውስጥ የካምቢዮ ዘይት ከታየ የዘይት ማገጃው ጎሚኒ አልቋል ማለት ነው። ይህ ከመለኪያው ይልቅ ለካምቢዮው ያሰጋል፤ ዘይቱ በካቦው ዙር እየተጎተተ እስከ ዳሽቦርዱ ሊወጣ፣ ካምቢዮውም ቀስ በቀስ ሊደርቅ ይችላል። ጎሚኒዋ ርካሽ ናት፤ ካምቢዮው ግን አይደለም።

ውስጠኛው ካቦ ተስቦ ሲወጣ በነጭ ጋዝ ታጥቦ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ይዘረጋና በጣት ይንከባለላል። ደህና ካቦ እንደ ሽቦ ቀጥ ብሎ ይንከባለላል፤ ታጥፎ የነበረ እየዘለለ ይሄዳል። የዘለለ ካቦ በግሪስ አይድንም፤ ይጣላል። ያልተጎዳው ግን ከታች ጀምሮ እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ በስሱ ግሪስ ተቀብቶ፣ የላይኛው ጫፍ ደረቅ ሆኖ ይመለሳል። «ብዙ ቢቀባ ይሻላል» የሚለው የጋራዥ ልማድ ከላይ የተጠቀሰውን የ140 በሽታ የሚያመጣ ነው።

ካቦው እንደወጣ ራስጌውን ለይቶ መሞከርም ይቻላል። የካቦው የላይኛ ጫፍ ከመለኪያው ጋር እንደተያያዘ የታችኛው ጫፍ በጣት ቢሽከረከር ቀስቷ ትንሽ ትነቃለች። በጣት ሲዞር ከከበደ፣ ራስጌው ደርቋል። አዲስ ካቦ በየጥቂት ወሩ የሚበጥስ መኪና በሽታው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፤ የደረቀው ራስጌ ካቦውን አንቆ ይበጥሰዋል፤ ባለቤቱም ካቦ ሻጩን ይረግማል። አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት በራስጌው ዘንግ ላይ ብትደረግ ብዙውን ጊዜ ይለቀቃል።

አንዳንድ ጋራዥ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሥቶ ማርሽ አስገብቶ ቀስቷን ይሞክራል። ይህ ሁለት ስሕተት አለበት። አንድ ጎማ ብቻ ሲነሣ ዲፈረንሻሉ የዘንጉን ዙር ሁሉ ለዚያ ጎማ ስለሚሰጥ ጎማው ቀስቷ ከምታሳየው እጥፍ ይሽከረከራል። ከሁሉ በላይ ግን መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ ልትሮጥ ትችላለች። ሁለቱም ጎማዎች በጠንካራ መቆሚያ ላይ ካልተነሡ፣ የፊቶቹ ካልተደገፉና ፎር ዊሉ ካልወጣ ይህ ሙከራ ቢቀር ይሻላል።

የፕላስቲኳ ጥርስ ስትቀየር ቁጥሯ መመሳሰሉን ማረጋገጥ የሚገባው ገዢው ራሱ ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራን ከመሰሉ ቦታዎች የሚገኘው ያገለገለ ዕቃ ከየት ዓይነት መኪና እንደተፈታ ሁልጊዜ አይታወቅም። ባለ 30 ጥርስ በነበረው ቦታ ባለ 29 ቢገባ ካቦው ከ3 በመቶ በላይ ፈጥኖ ይዞራል፤ ቀስቷም ቁጥሩም በዚያው መጠን ይጨምራሉ።

ጎማና ዲፈረንሻል

ምንም ሳይበላሽ የሚዋሽ መለኪያም አለ። 205/80 አር 16 ጎማ ቁመቱ 734 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለጉልበትና ለመልክ ተብሎ 265/70 አር 16 ሲገባ ቁመቱ ወደ 777 ይደርሳል፤ ልዩነቱ 6 በመቶ ገደማ ነው። ጎማው በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ስለሚሸፍን መለኪያው ያሳንሳል፤ ቀስቷ 100 ስትል እውነተኛው ፍጥነት 106 ሊሆን ይችላል። የራዳር ቅጣት የደረሰበት አሽከርካሪ «እኔ 100 ነበርኩ» ብሎ የሚምለው ከልቡ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጎማ 100,000 ኪሎ ሜትር የተመዘገበባት መኪና በእውነቱ ወደ 106,000 ሄዳለች።

የዲፈረንሻል ለውጥ ደግሞ በተቃራኒው ሻጩን ይጎዳል። 4.1 የነበረው ተነሥቶ 4.556 ቢገባ ዘንጉ ለአንድ የጎማ ዙር 11 በመቶ አብልጦ ስለሚዞር ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይሮጣል። አቀበት ለበዛበት አካባቢ ብሎ ይህን ያስቀየረ ባለንብረት መኪናውን ሲሸጥ ያልሄደችውን ኪሎ ሜትር እንደሄደች ተቆጥሮባት ይሸጣታል። ደረሰኙን ከያዘ ግን ሊከራከርበት ይችላል።

የቺንጋዋ መብራት

እስካሁን የተባለው ሁሉ የዋጋ ነገር ነው። አንድ ነገር ግን ከዋጋ ያልፋል። 2 ኤል፣ 3 ኤልም ሆነ ተከታያቸው 5 ኤል የታይሚንግ ቺንጋ ያላቸው ሞተሮች ናቸው። ቺንጋዋ ከተበጠሰች ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ቴስታው ይወርዳል፤ ሥራው የሞተር ሥራ ይሆናል። ለዚህም ሲባል ቶዮታ በብዙዎቹ የናፍጣ ሃይሉክሶች ዳሽቦርድ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት አስገብቷል። መብራቷ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ በርታ ቺንጋዋ እንድትቀየር ታስጠነቅቃለች።

ታዲያ መብራቷን የሚያበራት ሌላ ሳይሆን ይኸው የኪሎ ሜትር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከቆመ መብራቷ አትበራም። 187,000 ላይ የምትታየው መኪና 60,000 ሳይቆጠርላት ሄዳ ከሆነ፣ በ200,000 ሊቀየር ይገባው የነበረው ቺንጋ ከነበረበት 47,000 ኪሎ ሜትር ትርፍ ሠርቷል። ባለቤቱ ግን 13,000 ይቀረኛል ብሎ ተቀምጧል። የሞተር ዘይቱም፣ የማጣሪያዎቹም፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይቱም ሂሳብ እንዲሁ ይዛባል። ከዚህም ሌላ መብራቷን ከመለኪያው ኋላ በሚገኝ ማስተካከያ ማጥፋት ስለሚቻል አለመብራቷ ብቻውን ቺንጋዋ ለመቀየሯ ማስረጃ አይሆንም። የኪሎ ሜትር መለኪያዋ ያላስተማመነች መኪና የገዛ ሰው ሌላ ነገር ሳያስቀድም ቺንጋዋን ቢቀይር ኪሳራ የለበትም። ወጪውም በድርድሩ ላይ ሊነሣ የሚገባው ነው።

ቁጥሩ ሲጠፋ

መለኪያው አልታመን ካለ ሌሎች ምስክሮች አሉ። የፍሪሲዮንና የፍሬን መርገጫ ጎማ መበላት፣ የመሪው መላስ፣ የአሽከርካሪው ወንበር መጎድጎድ፣ የበሩ ማጠፊያ መላላት 90 ሺህ የሚል መኪና ላይ ከታዩ መለኪያው ለብቻው ነው የሚናገረው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከእርዳታ ድርጅት በጨረታ የወጡ ፒክአፖች ብዙውን ጊዜ የጉዞ መዝገብ ነበራቸው፤ ነዳጅ በተሞላ ቁጥር ኪሎ ሜትሩ ይጻፍ ነበር። ያ መዝገብ ከተገኘ ከዳሽቦርዱ የተሻለ ይታመናል። በመዝገቡ ላይ ለተከታታይ ወራት አንድ ዓይነት ቁጥር ተጽፎ ከታየ ካቦው የተበጠሰበት ቀን ተገኘ ማለት ነው። በጨረታ ማስታወቂያ ላይ የሚሰፍረው «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ይህንንም ይጨምራል።

ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በመጡት፣ ቪጎን በመሰሉት ፒክአፖች ላይ ካቦ የለም። የፍጥነቱ ምልክት በሽቦ ይመጣል፤ ቁጥሩ በኤሌክትሮኒክ ማስታወሻ ውስጥ ይቀመጣል። እዚህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ተራ ይደርሳል። ቀስቷ ሳትወዛወዝ በአንድ ጊዜ ዜሮ ላይ ወድቃ በአንድ ጊዜ ከተመለሰች የላላ ሶኬት፣ ጭቃ የገባበት ማገናኛ ወይም የተቆረጠ ሽቦ ይፈለጋል። የነዳጅና የሙቀት ቀስቶችም አብረው ከዘለሉ ጥርጣሬው ወደ ዳሽቦርዱ የጋራ መስመርና ወደ ማሳ ሽቦው ይዞራል። ቁጥሩን በተመለከተ ግን የኤሌክትሮኒኩ ከካቦው የበለጠ ይታመናል ማለት አይደለም፤ ከበሮ ፈትቶ ከማዞር ይልቅ በመሣሪያ መለወጡ ምልክት አይተውም።

ውሉ ላይ ሲደረስ ደላሎች ብዙ ጊዜ ስለ ቆጣሪው ምንም አያጽፉም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለተሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ገዢው ሲገዛ ያወቀውን ጉድለት ግን በኋላ ሊያነሣው አይችልም። ስለዚህ ቀስቷ ለምትዘለው ሻጭ «የኪሎ ሜትር መለኪያው በትክክል እንደማይሠራ ገዢው አውቆ» የሚል አንድ መስመር ይጠቅመዋል። በቁጥሩ ተማምኖ ዋጋ ለጨመረው ገዢ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ፣ ውሉ በተፈረመበት ቀን ዳሽቦርዱ ላይ እንደተነበበው፣ ትክክለኛ መሆኑን ሻጩ ማረጋገጡ ተጨምሮበት በአሃዝና በፊደል ውሉ ላይ ይስፈር።